ፊደል አስታራቂዋ

ታናሽ እህቴን በመሥሪያ ቤቷ «አስታራቂዋ» ይሏታል። ይህን ቅጽል ስም የሰማ ሰው ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ባልን ከሚስት የምታስማማ ለስላሳ ሴት ትመስለዋለች። ወይ ጉድ! ከእኔ ጋር እንኳ በአንድ ፎጣ ተጣልታ ሳምንት ሙሉ የምታኮርፍ ልጅ ናት። ሰው ሲጣላ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው የምታልፈው። እሷ የምታስታርቀው ፊደል ነው።

ነገሩን ላስረዳ፤ እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። በአፋችን አንድ አድርገን የምንጠራቸው፣ በጽሑፍ ግን የሚለያዩ ፊደላት አሉን አይደል? «ሕፃን» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ። መካከሉን ደግሞ አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ። ስታባዙት ያው አንድ ቃል ስድስት መልክ ይኖረዋል። ሰው ስድስቱንም አንብቦ የሚታየው አንድ ሕፃን ነው። ለኮምፒውተር ግን ስድስቱም የማይተዋወቁ ባዕዳን ናቸው።

እህቴ የምትሠራው የሕክምና መሣሪያ ለሚጠግኑ ቴክኒሻኖች ዊኪ በሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ነው። ዊኪውን ኢንተርኔት ላይ እንዳለ መጽሐፍ ቁጠሩት፤ ማንኛውም ባለሙያ ገብቶ ይጽፍበታል፣ ሌላው ያርመዋል። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያለ ቴክኒሻን ማሽን ሲበላሽበት ስልኩን አውጥቶ ይፈልግና ያ ብልሽት ቀድሞ የገጠመው ሰው ምን እንዳደረገ ያነባል። «ሳታነብ አትንካ» የሚል ደንብ አላቸው። ይህ ሁሉ ጽሑፍ የተቀመጠበትን፣ ለጠየቀ ሁሉ መልስ የሚሰጠውን ሰርቨር የምትንከባከበው እሷ ናት። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ብርድ ስለሆነ በበጋም ሹራብ ለብሳ ነው የምትውለው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። እማዬ «በዚህ ዓይነት ማን ያገባሻል?» ስትላት «የማይበርደው» ትላለች።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እሠራለሁ። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል፤ እሷ ብቻ ናት «እትዬ» የምትለኝ። ቱግ ባይ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል። እሷ ግን የተናደደች ጊዜ ጭራሽ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ እኔን የሚያሳብደኝም ይኸው ነው።

የፊደሉ ነገር ከልጅነቷ የመጣ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለች «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ ጽፋ አስተማሪዋ መዳፏን በማስመሪያ መታት። ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፤ ደብተሯን ዘርግታ ሁለቱን ፊደል ጎን ለጎን እየጻፈች ትመለከታለች። እማዬ ምን ሆነሽ ነው ስትላት «ድምፃቸው አንድ ከሆነ እኔ ለምን እመታለሁ?» አለች። እማዬም ተይው፣ ዝም ብለሽ እንዳሉሽ ጻፊ ብላ መከረቻት። ዝም ማለቱን ተማረች፤ እንዳሉሽ ጻፊ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ አልተማረችም።

እዚያ ቢሮ ስትቀጠር ዊኪው በጉድ ተሞልቶ ነበር። ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ በገጹ ላይ ባለው ፊደል ካልጻፈ ሰርቨሩ «ይህ ገጽ የለም፤ ይፍጠሩት?» ብሎ ይጠይቀዋል። የእኛ ቴክኒሻኖች ደግሞ ደጋጎች ናቸው፤ የለም ከተባለ ለሚመጣው ሰው ይጠቅም ብለው የሚያውቁትን ጽፈው ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ለአንድ ማሽን ሦስትና አራት ገጽ ተፈጥሮ፣ አንዱ ንቀል ሲል ሌላው እንዳትነካ ይላል። በሌላ ሰው አገር ቋንቋ ይህ ስህተት መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ሞክሼ ፊደል ያለን እኛ ነን።

እህቴ ወራት ፈጅታ አንድ ፕሮግራም ጻፈች። የሚፈልገው ሰው በየትኛውም ሀ ይጻፍ፣ በየትኛውም ጸ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ አድርጎ እሷ አረጋግጣ ወዳጸደቀችው ትክክለኛ ገጽ ይወስደዋል። ቴክኒሻኖቹ «ፊደል አስታራቂ» አሉት፣ ስሙም ለእሷ ተረፈ። የተበታተኑትን ገጾች አንድ በአንድ እያነበበች አዋሐደች። የሕፃናት ማሞቂያውን ገጽ የጻፍነውማ እቤታችን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የማሞቂያው ማንቂያ ሲጮህ መጀመሪያ የሚታየው ሕፃኑ ሆድ ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ ስለላላ ነው፣ ማሽኑን በእጅ ማስተካከያ ላይ አድርጎ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ አደገኛ ነው፣ በእጅ ከተደረገም ለነርሷ ሳይነግሩ መሄድ ክልክል ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በቀይ አድርጊልኝ አልኳት፤ በቀይ አደረገችው።

አስታራቂው አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይዘገያል። ይህን ደግሞ ከማንም ቀድማ የተናገረችው ራሷ ናት። ሰው በፈለገ ቁጥር ፕሮግራሙ የገጾቹን ርዕስ ሁሉ እያነሳ ፊደላቸውን ያስተካክላል፤ እንግዳ ማንኪያ በጠየቀ ቁጥር ቁም ሳጥኑን ሁሉ ገልብጦ እንደ መደርደር ማለት ነው። መፍትሔውንም ታውቀዋለች። ገጹ ሲጻፍ ያኔውኑ የተስተካከለውን ርዕስ አብሮ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፍለጋው ቀጥታ እዚያ ሄዶ ያገኘዋል። ለዚህ የሚያስፈልጋት የጥቂት ሳምንት ጊዜና ለሰርቨሩ ትንሽ ተጨማሪ ሜሞሪ ነበር። ጠየቀች፤ ይታያል ተባለች።

ከዚያ ሚሊሰከንድ መጣ። ስሙ ይህ አይደለም፣ ሠራተኛው ያወጣለት ነው፤ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ማለት ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በመጣ በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ስክሪን አሰቀለ። ስክሪኑ ዊኪው ለአንድ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ ያሳያል፤ ሲፈጥን አረንጓዴ፣ ሲዘገይ ቀይ ይሆናል። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ጨዋ ነው እኮ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ሰላም የሚለው፤ ሠራተኛ ሲታመም ደውሎ ይጠይቃል። ግን ቀይ ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም።

አንድ ቀን እህቴን ጠርቶ ይህ ቀይ ከየት ነው የሚመጣው አላት። መዋሸት አትችልበትም፤ ከአስታራቂው ነው ብላ የራሷን መለኪያ አሳየችው፣ መፍትሔውንም አንድ በአንድ ነገረችው። አመስግኖ አስታራቂውን አስጠፋው። ፊቱ ቆማ በገዛ እጇ ነው ያጠፋችው። መፍትሔውስ? «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን» አለ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሲሆን ፎቶ አንሥቶ ለበላዮቹ ላከ።

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ሰውየው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እሷም ላይ ነው። ለምን አልጮህሽም? ለምን ጠረጴዛውን አልደበደብሽም? እያልኩ ጮህኩባት። ሻይዋን እያማሰለች ደብዳቤ ጽፌያለሁ አለችኝ። በነጋታውም ጻፈች፣ በሳምንቱም ደገመች። ተመሳሳይ ገጾች እንደገና መፈልፈል መጀመራቸውን፣ በተለይ የሕፃናት ማሽኖች ላይ አደጋ እንዳለው ገልጻ ነው የጻፈችው። መልሱ በጣም ትሁት ነበር፤ ስለ ትጋትሽ እናመሰግናለን ይላል። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድማ እየገባች አዲስ የተፈለፈሉትን ገጾች በእጅ ታዋሕዳለች። እሷ አንድ ናት፤ ቴክኒሻኖቹ ግን በየቦታው ናቸው። አንዱን ስትዘጋ ሁለት ይወለዳል።

አሁን ወደ እኔ ክፍል ኑ። ቀትር ላይ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ባለው ማሞቂያ ላይ ያለጊዜው የተወለደ ወንድ ልጅ ተኝቷል፤ ጠቅላላ እጁ የእኔን አውራ ጣት አያክልም። እናቱ አጠገቡ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትውላለች፤ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የማሞቂያው ማንቂያ መጮህ ጀመረ። ቴክኒሻናችንን ጠራሁት። «ፒንሳ» ነው የምንለው፤ የደረት ኪሱ ከፒንሳ ተለይቶ ስለማያውቅ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሆስፒታሉን ማሽን ሁሉ ብቻውን ነው የሚጠግነው፣ ደንብም ያከብራል። እንደ ደንቡ ሳይነካ ስልኩን አወጣ። እኔ ወደ ሌላ አልጋ ተጠራሁ።

የስልክ ኪቦርድ ላይ በቶሎ ስትጽፉ የሚመጣላችሁ ሃሌታው ሀ ነው፤ ሐመሩን ለማግኘት አንድ ጣት ተጨማሪ ሥራ አለው። ማሽን እየጮኸ፣ እናት እያየችው፣ ማን ሐመሩን ፍለጋ ይሄዳል? ፒንሳ «ህጻን ማሞቂያ» ብሎ ጻፈ። ገጽ መጣለት። አነበበ፣ እንዳለው አደረገ፣ ማንቂያው ዝም አለ። «ጨርሻለሁ ሲስተር» ብሎኝ ጎን ካለው ክፍል የኦክስጅን ማሽን ሊያይ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ እናትየዋ ቀሚሴን ነካ አደረገችኝ። ልጄ ቀልቷል አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሄጄ ሆዱ ላይ እጄን ሳሳርፍ እንደ እሳት ይፋጃል። ሴንሰሩ ተነቅሏል፣ ማሽኑ በእጅ ማስተካከያ ላይ ነው፣ ሙቀቱ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። አጥፍቼ ልጁን አነሣሁት። ሐኪሙ ሮጦ መጣ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስናቀዘቅዘው፣ ፈሳሽ ስንሰጠው፣ ትንፋሹን ስንቆጥር ዋልን። እናቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አልጮኸችም፣ አልጠየቀችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እኛን ብቻ ታያለች። ሊመሽ ሲል ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

ፒንሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስልኩን ዘረጋልኝ። «ሲስተር፣ የተጻፈውን ነው ያደረግሁት» አለኝ። አነበብኩት። ሴንሰሩን ንቀሉት፣ በእጅ አድርጉት፣ ክፍሉ ብርድ ስለሆነ ሙቀቱን እስከ መጨረሻ ክፈቱት ይላል። የእኔና የእህቴ ቀይ ጽሑፍ የት አለ? ያውማ ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ በሐመሩ ሐና በፀሐዩ ፀ የተጻፈው ላይ። ይህኛውን ገጽ ያልተማረ ወይም ግዴለሽ ሰው አልጻፈውም። ክፍሉ በብርድ የሚያንቀጠቅጥ፣ ማሞቂያው የደከመበት አንድ ጤና ጣቢያ ያለ ቴክኒሻን ነው የጻፈው፤ ለእሱ ማሽን ልክ ነበር። ፈልጎ የለም ተባለ፤ የሚያውቀውን ጽፎ ሄደ። እሱን ምን ብዬ ልርገመው? የሚረገመውን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ማጣራት ተባለ። ወረቀት ተጻፈ፣ ፊርማ ተፈረመ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ነው ተብሎ ፒንሳ ከሥራ ታገደ። የእህቴ ቢሮ ደግሞ ለሁሉም ሆስፒታል መልእክት አሰራጨ። ተጠቃሚዎች ቃላትን በትክክለኛው ፊደል እንዲጽፉ በአክብሮት እናሳስባለን ይላል። በአክብሮት! እኔ የዚያን ልጅ ትንፋሽ ስቆጥር የዋልኩት፣ ሰዎቹ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ስለ ፊደል አጣጣል ሊያስተምሩኝ ነው። አስታራቂው አሁንም እንደጠፋ ነው፤ እህቴ ያን ገጽ ብትዘጋው ነገ ሌላው ይፈለፈላል። በየቦታው ያለ ሌላ ፒንሳ አሁንም «ህጻን» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕፃን ተኝቷል። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ቢሯቸው ሄድኩ።

ሚሊሰከንድ ተነሥቶ ሰላም አለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። እህቴንም አስጠራት፤ ሹራቧን እንደለበሰች በር አጠገብ ቆመች። በጣም ማዘኑን ነገረኝ፣ የልጁን ጤንነት ጠየቀኝ። ከዚያ «ግን ሲስተር፣ ተጠቃሚው በትክክል ቢጽፍ ኖሮ ይህ አይፈጠርም ነበር» አለ።

«እስቲ እርስዎ ስልክዎን ያውጡና ይፈልጉት» አልኩት።

አወጣ። ጻፈ። የእሱ ሃሌታው ሀ በፀሐዩ ፀ ነበር፤ ሦስተኛ ገጽ መጣለት፣ ከሁለቱም የማይገናኝ። ቀና ብሎ አየኝ። የሚያፍር መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀምጦ፣ ጥሩ አስተያየት ነው፣ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንይዘዋለን አለኝ። በዚያ ሳምንት ከበላይ ጎብኚዎች ስለሚመጡ ስክሪኑን አሁን መንካት እንደማይቻልም አስረዳኝ። ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝም። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ኮሪደሩ ላይ በር ከፍተው የሰሙት ያውቁታል።

ደረጃው ላይ ፊቴን ወደ እህቴ አዞርኩ። እስከ መቼ ነው ደብዳቤ የምትጽፊው? ይህን ነገር የሠራሽው አንቺ አይደለሽም? ምላስሽን ማን ቆለፈው? አልኳት። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየናል። እሷ የደረጃውን ብረት ጨብጣ ይዛለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እኔ ሳላውቅ ለካ ልጅቷ ከእኔ በላይ ነድዳለች። «ነገ በምሳ ሰዓት ክፍልሽ እመጣለሁ» አለችኝ። ይህን ብላ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

በማግሥቱ መጣች። ላፕቶፕዋን ይዛ፣ እጇን ታጥባ፣ ጋውን ለብሳ ገባች። ልጁ ደህና ሆኖ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፤ ሴትየዋ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳርፋለች። እህቴ ልጁን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። ብዙ የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። አንድ ቦታ «አጥፋ» የሚለውን «አብራ» አደረገችው፣ በቃ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ ሩብ ዓመት!

ፒንሳ ቁልፎቹን ሊያስረክብ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከታገደ ጀምሮ ወደ ውስጥ አይገባም። እህቴ ጠራችውና ያን ቀን የፈለግኸውን እንደዚያው አድርገህ ጻፍ አለችው። ፈራ። በአንድ ጣቱ፣ በሃሌታው ሀ፣ በጸሎቱ ጸ ጻፈ። ጠበቅን። እውነት ለመናገር ይዘገያል። ከዚያ የእኛው ገጽ መጣ፣ ቀዩ ጽሑፍ ከላይ። ፒንሳ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ሌላ ሥራ ያለኝ መሰልኩ።

የእህቴ ስልክ ጮኸ። ሚሊሰከንድ ነው። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ የሚለው ሁሉ ይሰማል።

«ስክሪኑ ቀይ ሆኗል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያለ ፈቃድ?»

«ያለ ፈቃድ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነቱ ተሟጠጠ። ጎብኚዎቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን እያዩ ነው፤ አሁኑኑ አጥፊው፣ አለዚያ ነገ ቢሮ እንዳትመጪ አላት። እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምን ያህል እንደዘገየ ጠየቀችው። ሁለት ሰከንድ ሙሉ አላት፣ ቤት ተቃጠለ እንደሚል ሰው።

እናትየዋ ወደ እኔ ቀና ብላ በምንድን ነው የሚጣሉት አለችኝ። በአጭሩ ነገርኳት፤ ልጅሽን ያቃጠለው ገጽ እንዳይመጣ የሚያደርገውን ነገር እህቴ መልሳ ከፈተችው፣ ሰውየው ደግሞ ሰዉን ሁለት ሰከንድ ያስጠብቃል ብሎ ዝጊው እያላት ነው አልኳት። ሴትየዋ ደረቷ ላይ ያለውን ልጅ አየች። በዚያ ሁሉ ቀን ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ አልሰማሁም ነበር።

«ሁለት ሰከንድ?» አለች። «እኔ ይህን ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅሁት።»

እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ወደ እናትየዋ አፍ አስጠጋችው።

«እስቲ ይድገሙለት» አለቻት።

ደገመችለት።